ለሰደቃው የነደዱት ፊደሎች

ባለቤቴ አናጺ ነበር። ኮምቦልቻ ውስጥ፣ ከዋናው አስፋልት ወደ ውስጥ በሚታጠፈው መንገድ ላይ፣ በቆርቆሮ የተከለለች አንዲት ጠባብ ሱቅ ነበረችው። እኔ የአንደኛ ክፍል አማርኛ አስተማሪ ነኝ። ሰው "ምን ይሠራ ነበር?" ብሎ ሲጠይቀኝ "በርና መስኮት" እላለሁ። ፊደልም ይሠራ እንደነበር ለማንም አልተናገርኩም። አሁን ቀስ እያልኩ የምጽፈው ስለዚያ ነው። አንድ መስመር ጽፌ የምነሣበት ቀን አለ፤ ምንም ሳልጽፍ የምነሣበትም አለ።

ነገሩ የተጀመረው ከትምህርት ቤት ተናድጄ በገባሁበት ማታ ነው። ልጆቼ፣ የክፍሌን ልጆች ማለቴ ነው፣ አላህ ሌላ አልሰጠንም፣ የቃሉን መጀመሪያ ያዩና መጨረሻውን ከራሳቸው ያመጣሉ። "ሄደ" የሚለውን "ሄደች" ይሉታል። "ልጆች" የሚለውን "ልጅ" ብለው ያልፉታል። በእኛ ቋንቋ ደግሞ ማን እንደ ሄደ፣ ብቻውን ይሁን ከሰው ጋር፣ ቤቱም የማን እንደ ሆነ የሚታወቀው ቃሉ ሲያልቅ ነው። እስኪያልቅ የማይታገሥ ልጅ ያነበበ ይመስለዋል እንጂ አላነበበም። ይህን ሁሉ እራት ላይ ዘረገፍኩለት። እሱ እየጎረሰ ሰማኝ።

"መጨረሻውን ለብቻው ቆርጠሽ ብትሰጫቸውስ?" አለኝ በኋላ።

"አይቆረጥማ! ልጅ የሚለው ልጆች ሲሆን ጅ ራሷ ተለውጣ ጆ ትሆናለች። ተጣብቀው ነው የሚለወጡት።"

"እና ማጋጠሚያውን ይዘሽ ቁረጪዋ። በር ስትሠሪ መቃኑን ከነግድግዳው ነው እንዴ የምትቆርጪው?"

"በር ሠርቼ አላውቅም።"

"እኔስ መቼ አስተምሬ አውቃለሁ? ግን ይኸው አፌን አልዘጋሁም።"

በሳምንቱ አንድ ረዘም ያለ ጣውላ ይዞ መጣ። መሐሉ ላይ ቦይ ቆፍሮለታል። በግራ በኩል አንድ እንጨት በሚስማር ተመትቶ ቆሟል፤ በቀኝ በኩል ደግሞ በቦይው ውስጥ እየተንሸራተቱ የሚገቡና የሚወጡ ትንንሽ እንጨቶች አሉ። በቆመው ላይ እኔ በጥቁር ቀለም "ል" ብዬ ጻፍኩ። በሚንሸራተቱት ላይ በቀይ "ጅ"፣ "ጄ"፣ "ጅሽ"፣ "ጆች"፣ "ጃችን"፣ "ጅነት" ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ለቤት፣ ለእጅ፣ ለበግ፣ ለሄደ፣ ለበላ እያለ ብዙ ጣውላ ሠራ። ከሱቁ የተረፈውን የዋንዛና የጥድ ቁርጥራጭ ነበር የሚጠቀመው። የልጅ ጣት ውስጥ ስንጥር እንዳይገባ እያንዳንዱን በብርጭቆ ወረቀት ሲያሽ ያመሽ ነበር። መጠኑን የለካው በእኔ መዳፍ ነው። "ዘርጊ እስቲ" ይለኝና እንጨቱን መዳፌ ላይ አጋድሞ በእርሳስ ምልክት ያደርጋል። እንዲህ ያደረገው ቀዩን እንጨት በአንድ እጄ እንድሸፍነው ነው። አሠራሬም ይኸው ነበር፤ መጨረሻውን በመዳፌ እሸፍናለሁ፤ ልጁ የታየውን ያነባል፤ ከዚያ እጄን ቀስ ብዬ አነሣና "መጨረሻውን እይ" እላለሁ።

ክፍሉ ወደደው። ጦርነቱ ሲያልፍ የዚያ ክፍል ዴስኮች ማገዶ ሆነው ነው ያገኘናቸው፤ ልጆቹ ለብዙ ጊዜ ድንጋይና ጆንያ ላይ ተቀምጠው ተምረዋል። ከእንጨት የተሠራ ነገር በእጃቸው ይዘው መጫወታቸው ብቻ ደስታ ነበር። በቀዮቹ እንጨቶች ይጣሉ ነበር። "ጆችን እኔ ነኝ የያዝኩት!" "ትናንትም አንተ ነህ የያዝከው!" እጃቸው ላብ፣ አፈርና የምሳቃቸው ዘይት ስላለበት ቀዩ ቀለም ቶሎ ይጠፋል። ስለዚህ መንፈቅ ዓመት በመጣ ቁጥር ቀዮቹን በማዳበሪያ ከረጢት ሰብስቤ ወደ ቤት አመጣለሁ፤ እሱ ይልጋቸዋል፣ ያሻቸዋል፤ እኔ እንደገና እጽፍባቸዋለሁ። ጥቁሮቹ ከነጣውላቸው ትምህርት ቤት ይቀራሉ።

በክፍሌ ውስጥ አንደኛ ክፍልን ለሁለተኛ ጊዜ የምትማር አንዲት ልጅ ነበረች። እናቷ ከሐርቡ ወዲያ ካለ ገጠር መጥታ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ትሠራለች፤ ከግቢያችን ጀርባ አንድ ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። አባቷ አረብ አገር እንደ ሄደ ወሬው ጠፍቷል። ሕፃን ወንድሟ ሐርቡ አያቷ ዘንድ ነው። ልጅቱ ጠዋት ጠዋት ቁርአን ቤት ትቀራለች። እዚያ ኡስታዙ ያሉትን ሰምቶ፣ በዜማ ይዞ፣ ደጋግሞ ማለት ነው ሥራው፤ እሷም በዚህ የሚስተካከላት አልነበረም። ይህንኑ ይዛ ወደ እኔ ክፍል መጣች። ጓደኛዋ አንድ ጊዜ ሲያነብ ከሰማች በቃት። መጽሐፉን ከፍታ፣ ዓይኗን ጣራው ላይ ሰቅላ፣ ወደፊትና ወደኋላ እየተወዛወዘች ገጹን በሙሉ ትወርደዋለች። አንድ ቀን መጽሐፉን ገልብጣ ይዛው አንዲት ቃል ሳትስት ጨረሰች።

"ራዲዮ!" ይሏታል ልጆቹ።

"ራዲዮ ልሁን! አንተ ግን ባትሪህ ያለቀ ነህ" ትላለች።

ዓይኗን ከጣራው ያወረዱት ቀዮቹ እንጨቶች ነበሩ። የማስገባው እንጨት የትኛው እንደሚሆን አስቀድማ ማወቅ አትችልማ። "ቤ" ብላ ትቆማለች። እጄን ሳነሣ "ታችን" ትላለች። ሌላ ሳስገባ ዝም ትልና ታያለች። ያ ዝምታ ለአስተማሪ ምን ማለት እንደ ሆነ ያስተማረ ያውቀዋል። እናቷ ግን ጊዜ አልነበራትም። አንድ ቀን ከፈረቃ ወጥታ፣ ክር ልብሷ ላይ እንደ ተጣበቀ መጣችና፣

"ዘንድሮም ካላነበበች ሐርቡ እወስዳታለሁ ቲቸር" አለችኝ። "እናቴ ደክመዋል፤ ሕፃኑን የሚይዝላቸው የለም። እዚህ ተቀምጣ አንደኛ ክፍልን ሦስት ጊዜ ከምትማር እዚያ ልጅ ትያዝ።"

"ታነባለች" አልኳት። "ሰኔ ላይ ታያለሽ።"

በየካቲት፣ የመንፈቁን ቀዮች በማዳበሪያ ቤት ባመጣሁበት ሰሞን፣ ባለቤቴ ታመመ። ሱቁ ውስጥ መጋዙን እንደያዘ ደረቱን ያዘው አሉኝ። ወደ ደሴ ይዘነው ወጣን። የሐረጎን ዳገት ስንወጣ በየኩርባው ራሱን ትከሻዬ ላይ እየጣለ፣ "ሹፌሩን ቀስ በል በይው፤ ካልሞትኩ መንገዱ ይገድለኛል" አለ። መኪናው ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ሳቀ። ደሴ ብርድ ነበር፤ ልብስ ሳልደርብለት ነው የወጣሁት። በነጋታው ሞተ። ሬሳው ወደ ትውልዱ ወደ ቦሩ ሜዳ ሄደ፤ የቀበሩት ወንዶቹ ናቸው። እኔን ወደ ኮምቦልቻ መለሱኝና ከሴቶቹ ጋር ተቀመጥኩ።

ለነፍሱ ምግብ በሚበላበት በሰደቃው ቀን የቅሬው፣ የመንደር እድራችን፣ ሴቶች ሁሉ መጡ፤ እስላም ክርስቲያን ሳይሉ ሽንኩርት ላጡ፣ ሽሮ ነፉ፣ ድስት ጣዱ። እኔ ጓዳ ውስጥ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ተኝቻለሁ። ከጓሮ የእሳቱ መንጣጣት ይሰማኛል። "እንጨት አነሰን" ሲሉም ሰምቻለሁ። ከዚያ የአማቴን፣ የእናቱን፣ ድምፅ ሰማሁ። "የአናጺ ቤት እንጨት ያጣል እንዴ? ያ ጥግ ያለው ማዳበሪያ ቁርጥራጭ ነው፤ ውሰዱት።" ሰማሁት፤ አልገባኝም። ሐዘንተኛ ብዙ ነገር ይሰማል።

ከዚያ በኋላ ኢዳ ተቀመጥኩ። ባሏ የሞተባት ሴት ጊዜው እስኪያልቅ፣ አራት ወር ከዐሥር ቀን፣ ከቤቷ ትቀመጣለች። ለሥራ በቀን መውጣት እንደማይከለከል የነገሩኝ ነበሩ፤ ትምህርት ቤቱም ፈቃድ ሰጥቶኝ ነበር። አልወጣሁም። በሩ ዝግ ሲሆን ይሻለኝ ነበር። ያ በር እሱ የሠራው ነው፤ ሲዘጋ ድምፅ የለውም። አማቴ አብረውኝ ተቀመጡ። የቦሩ ሜዳ ገበሬ ናቸው፤ ፊደል አልቆጠሩም፤ የኮምቦልቻ ሙቀት ያስጨንቃቸዋል። ቀኑን ሙሉ ምንጣፋቸው ላይ መቁጠሪያቸውን ይዘው "ያ ረቢ" ሲሉ ይውላሉ። ልጃቸውን በስሙ አይጠሩም፤ "ያ" ይሉታል። "ያ እኮ ትንሽ ሆኖ ሙቀት አይወድም ነበር።"

ልጅቱን ያመጣቻት እናቷ ናት። ለለቅሶ መጣች፤ "አብሽሪ ቲቸር፣ አላህ ሶብሩን ይስጥሽ" ብላ ተቀመጠች። ልብሷ ላይ የተጣበቀውን ክር ለቀመች። በኋላ፣ "ክፍሉን የያዘችው አስተማሪ ሁለት ክፍል ደርባ ነው የምታስተምረው፤ ይችን አይታትም አታውቅ" አለች። ተጨማሪ አልጠየቀችኝም። "ከሰዓት ከሰዓት ትምጣ" አልኩ። ለምን እንዳልኩ አላውቅም። ምናልባት የሰው ድምፅ ፈልጌ ይሆናል።

በነጋታው ልጅቱ የ"ል"ን እና የ"ቤ"ን ጣውላዎች ከትምህርት ቤት ተሸክማ መጣች። ምንጣፉ ላይ አስቀመጠቻቸውና ባዶውን ቦይ በጣቷ ዳሰሰች።

"ቲቸር፣ መጨረሻዎቹስ?"

ወደ ጥጉ ዞር አልኩ። ማዳበሪያው የለም። "እማ፣ እዚህ የነበረ ማዳበሪያ ነበር…" አልኩ።

"ለሰደቃው ነደደ" አሉኝ አማቴ። "የሚፈለግ ነገር ነበረበት?"

ፊታቸውን አየሁ። ልጃቸውን ከቀበሩ ገና ወር አልሞላቸውም። "የለም፤ ቁርጥራጭ ነው" አልኩ።

ሱቁ ተዘግቶ መሣሪያው ተበትኖ ነበር። በካርቶን ቆርጬ በከሰል ጻፍኩ። ካርቶን ግን ቦይው ውስጥ አይቆምም፤ ይወድቃል፤ ይታጠፋል፤ ከሰሉ እጇ ላይ ይቀራል። ልጅቱ ሁለት ቀን ታገሠችና ዓይኗን ወደ ጣራው መለሰች። እኔም ደክሞኝ ነበር። አንዳንዴ መዳፌን ካርቶኑ ላይ አሳርፌ ማንሣቱን እረሳዋለሁ፤ እጄን አይቼ እሱ በእርሳስ ምልክት ሲያደርግበት ይታየኛል። "ቲቸር፣ እጅሽ" ስትለኝ ነው የምነቃው።

"አንች ልጅ" አሉኝ አማቴ አንድ ቀን፣ "ሁልጊዜ መጨረሻውን እይ፣ መጨረሻውን እይ ትያታለሽ። ምስኪን! መጨረሻውን ማን አይቶት ያውቃል?"

ልጅቱ ቀደመችኝ። "እማማ፣ መጨረሻዎቹ እኮ ነበሩ! አቃጥለዋቸው ነው። ቀይ ቀይ ነበሩ። ጋሼ ናቸው የሠሯቸው፣ ለእኛ።"

የመቁጠሪያው ድምፅ ቆመ። አማቴ ልጅቱን አዩ፤ ከዚያ ባዶውን ቦይ አዩ፤ ከዚያ እኔን።

"በማዳበሪያ የነበረው?"

የወደቀውን ካርቶን ከምንጣፉ ላይ ሰበሰብኩ።

"የልጄ እጅ ነበረበት?"

"አዎ እማ።"

"እኔ ነኝ የሰጠኋቸው" አሉ። "በእሱ የበሰለውን ነው የበላነው።" ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። ልጅቱ ደንግጣ ወደ እኔ ተጠጋች። ያን ቀን ትምህርት አልቀጠልንም።

እሳቸው ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አንድ ቃል አልተናገሩም። ግን ምንጣፋቸውን ከግድግዳው አንሥተው ወደ ጣውላው አስጠጉት። ልጅቱ ስታነብ መቁጠሪያቸውን ጭናቸው ላይ ያስቀምጣሉ። ካርቶኑ ሲወድቅ አንሥተው በጣታቸው ደግፈው ይይዙላታል፤ ብዙ ጊዜ ገልብጠው ነው የሚይዙት። "እማማ፣ ተዘቅዝቋል!" ስትላቸው፣ "ለእኔ ሁሉም ያው ነው፤ አንች ግን እይው" ይላሉ። ልጅቱ ሰው እንደሚያያት ስታውቅ ትበረታለች። ቀስ በቀስ ዓይኗ ከጣራው ወረደ። በረመዳን ሆዷ ባዶ ሆኖ፣ አትጹሚ ብትባልም እየጾመች፣ "ሄዳችሁ" የምትለዋን ቃል በራሷ አነበበች። ማንም አላነበበላትም ነበር።

ፈተናው ሰኔ ላይ ሆነ። ርዕሰ መምህሩ ራሱ አንድ በአንድ እያስጠራ ያስነብባቸዋል ተባለ። በዋዜማው ልጅቱ ጫማዋን አውልቃ በሩ ሥር ቆመች።

"ቲቸር፣ አብረሽኝ ነይ።"

"ኢዳ ላይ ነኝ እኮ።"

"ሐራም ነው?"

"ሐራም አይደለም።"

"ታዲያ?"

ጫማዋን አንሥቼ በሩ ሥር አስተካከልኩት። ከዚያ በር ወጥቼ ያንን መንገድ መሄድ፣ ሱቁን ተዘግቶ ማየት፣ ክፍሉ ውስጥ ባዶ ቦያቸውን ይዘው የተደረደሩትን ጣውላዎች ማየት እንደማልችል ለሰባት ዓመት ልጅ እንዴት ይነገራል? እሷ ካላነበበች ሐርቡ እንደምትወሰድ አውቃለሁ። ብሄድላት እንደምታነብም አውቃለሁ። እግሬ ግን እንቢ አለ።

"እኔ እሄዳለሁ" አሉ አማቴ ከምንጣፉ ላይ።

"እማ፣ እርስዎ ምን ሊያደርጉ?"

"አንች የምታደርጊውን።"

በማግሥቱ ጠዋት ያቺን የደሴ ብርድ የለመደች ወፍራም ጋቢያቸውን በዚያ ሙቀት ደርበው፣ ዱላቸውን ይዘው፣ ልጅቱን በእጇ ጎትተው ወጡ። እኔ ከበሩ ጀርባ ቆሜ ቀረሁ። የቀትሩ የዙሁር አዛን አለ። ከአዛኑም በኋላ ብዙ ቆዩ። መጀመሪያ የሰማሁት የዱላውን ድምፅ ነው፤ ከዚያ የልጅቱን ሩጫ።

"ምን ሆነ?"

"ቆይ ልቀመጥ" አሉ አማቴ። ተቀመጡ፤ ውኃ ጠየቁ፤ ጠጡ። "ገባን። ያ ቀጭኑ ሰውዬ፣ አለቃቸው፣ ወረቀት ሰጣት። ይችም ዓይኗን ጣራው ላይ ሰቀለችው። ከመስኮት በኩል አንዱ 'ራዲዮ' አለ። ዱላዬን አሳየሁት።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ሰውየው 'የምትይው እዚህ የለም፤ የተጻፈውን አንብቢ' አላት። ደርቃ ቀረች። ላብ በላብ ሆነች። እኔም ተነሣሁና መዳፌን ወረቀቱ ላይ አሳረፍኩት።"

"የት ላይ?"

"የት ላይ ትለኛለች! እኔ ምን አውቄ? አንች እንደምታደርጊው ነዋ።"

"መስመሩን በሙሉ ነው የሸፈኑብኝ!" አለች ልጅቱ።

"ዝም በይ አንች። 'እማማ፣ ምን እያደረጉ ነው?' አለኝ ሰውየው። 'ሥራዬን ነዋ። አንተ የአንተን ሥራ' አልሁት። ከዚያ እጄን ቀስ፣ ቀስ አድርጌ አነሣሁ። 'መጨረሻውን እይ' አልኋት። እይ ስላት አየች።"

"አነበበች?"

"አነበበች! እንደ ግመል እየተንቀራፈፈች። ሰውየው ሰዓቱን አየ፣ አዛጋ፣ ግን ጨረሰች። 'ሁለተኛ ክፍል አልፈሻል' አላት። በጆሮዬ ነው የሰማሁት።"

ሳቅኩ። ከየካቲት ወዲህ የመጀመሪያው ነበር፤ ድምፁ የእኔ አልመስል አለኝ፤ ደንግጬ ተውኩት። አማቴ መዳፋቸውን ገልብጠው ያዩት ነበር። "ያ ቢኖር" አሉ፣ ከዚያ አልጨረሱትም።

እናትየው ማምሻውን መጣች። ልጇን አቅፋ አለቀሰች፤ እኔ የደስታ መሰለኝ። ፋብሪካው ሰው እየቀነሰ እንደ ሆነና የእሷ መስመር ሙሉ በሙሉ እንደ ተዘጋ የነገረችኝ ቀስ ብላ ነው። ልጅቱ ብታልፍም ባታልፍም ወደ ሐርቡ መመለሳቸው አልቀረም።

"ግን እዚያ አስመዘግባታለሁ፤ ወላሂ አስመዘግባታለሁ" አለች። "ማንበቧን እኮ አውቄያለሁ አሁን።"

በሳምንቱ ሄዱ። የተከራዩት ክፍል በር ክፍት ሆኖ በነፋስ ሲመታ እሰማው ነበር፤ ያ በር እሱ የሠራው አይደለም።

ኢዳዬ በክረምቱ መግቢያ አለቀ። አማቴን ወደ ቦሩ ሜዳ ሸኘኋቸው። ጭጋግ ነበር። መቃብሩ ያለበትን ጉብታ ከመንገዱ ዳር ሆነው በዱላቸው አሳዩኝ፤ አንድ ዛፍ እንጂ ሌላ አላየሁም። ስንለያይ እጄን ይዘው መዳፌን ዘረጉት፤ ሳሙት። "ይኸ እጅ አይረፍ" አሉ። ወደ ኮምቦልቻ ብቻዬን ወረድኩ።

መስከረም ላይ ሌላ አናጺ ዘንድ ሄጄ አዲስ መጨረሻዎች አሠራሁ። ሰውየው ጣውላውን አገላብጦ አይቶ፣ "የማን ሥራ ነው? ቦይው እኩል ነው" አለ። የሠራቸው እንጨቶች መጀመሪያ ወፍረው አልገቡም፤ ሲልጋቸው ደግሞ ቀጠኑና ላሉ። ቀይ ቀለም ጻፍኩባቸው። ጣውላው ትንሽ ካጋደለ ይወድቃሉ። አዲሶቹ ልጆች ልዩነቱን አያውቁም። እኔ ግን አንዱ እንጨት በወደቀ ቁጥር ቀና እላለሁ።

የልጅቱን ወሬ የሚያውቅ አጣሁ። አንድ ቅዳሜ ሚኒባስ ይዤ ሐርቡ ወረድኩ። ከመንገዱ ዳር ፓፓያና ሎሚ ከሚሸጡት ሴቶች መሐል እናትየውን አገኘኋት። ልጅቱ ሕፃኑን አዝላ ከኋላዋ ቆማለች። ሳታየኝ አየኋት፤ ረዝማለች። እናትየው ስታየኝ መጀመሪያ የያዘችውን ፓፓያ አስቀመጠች።

"አላስመዘገብኳትም ቲቸር" አለች፣ ሳልጠይቃት። "እናቴ አልጋ ላይ ናቸው። ሕፃኑን ማን ይያዝልኝ? በሚመጣው ዓመት፣ ኢንሻአላህ።"

ይዤው የመጣሁት ንግግር ነበረኝ። በመንገዱ ሁሉ ሳዘጋጀው ነው የመጣሁት። እጇን አየሁት፤ የሎሚ ውኃ ቆርጦታል። ተውኩት። ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና ከቦርሳዬ የሁለተኛ ክፍል መጽሐፍ አወጣሁ። ልጅቱ ሕፃኑን እንዳዘለች አጠገቤ ቁጢጥ አለች። ጣራ የለም፤ ያለው ሰማይ ብቻ ነው። ዓይኗ ወደዚያ ይሄዳል ብዬ ፈራሁ። አልሄደም። መዳፌን በቃሉ መጨረሻ ላይ አሳረፍኩ። መኪና ሲያልፍ አቧራ ይሸፍነናል፤ ሕፃኑ ሻሼን ይጎትታል፤ ሴቶቹ "ዛሬስ አስተማሪ ጉልት ወጣች" እያሉ ይስቃሉ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ሲሆን እወርዳለሁ። የምትታጣበት ቅዳሜ አለ፤ ውኃ ልቅዳ ብላ ሄዳለች ይሉኛል፣ ወይ አያቷ ብሶባቸዋል። መጽሐፉን ለእናቷ ሰጥቼ እመለሳለሁ። ተመልሳ ትምህርት ቤት ትግባ አትግባ አላውቅም። እናቷም አታውቅም።

ባለፈው ቅዳሜ ነበረች። ገጹን ስንጀምር ፀሐይ ወደ ማዘቅዘቁ ነበር። መሐል ላይ እጄን ረሳሁት፤ እንደ ድሮው ቃሉ ላይ ቀረ።

"ቲቸር፣ እጅሽን አንሺው" አለችኝ። "አይቼዋለሁ።"

አነሣሁ። እሷ ቀጠለች፤ እየተንቀራፈፈች፣ እያንዳንዱን ቃል እስኪያልቅ እየታገሠች። ከአስፋልቱ ማዶ የመጨረሻው ሚኒባስ ቆሞ "ኮምቦልቻ! ኮምቦልቻ! አንድ ሰው!" ይላል። ገጹ አላለቀም ነበር። ጣቷን መስመሩ ላይ እንዳደረገች ትቻት ተነሣሁ።